አራት ነጥብ በአንድ ቁልፍ፦ የራስን የዩኤስቢ መሣሪያ መሥራት

አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሚጻፈው እዚያ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱን አንስተው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ በደንብ ቢመለከቱ፣ አራት ነጥብ በሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ጎን ለጎን የተመቱ ሁለት ሁለት ነጥቦችን ነው፤ አንዳንዴም የእንግሊዝኛው ኮሎን ሁለቴ ተመትቶ ያገኙታል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም አይታይም። ኮምፒውተሩ ግን አራት ነጥብን የሚያውቀው የራሱ ቁጥር እንዳለው አንድ ምልክት ነው። ሁለት ምልክት ሲሰጡት የዓረፍተ ነገር መጨረሻ መሆኑን አያውቅም። ጽሑፉ ሲፈለግ አይገኝም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ በማሽን ሲተረጎም ይዛባል፣ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራምም የት እንደሚያርፍ ይጠፋበታል።

ይህ የሚሆነው ጸሐፊዎቹ ሰንፈው አይደለም። ከፊታቸው ያለው ኪቦርድ የተሠራው ለሌላ ቋንቋ ነው፤ የአራት ነጥብ ቦታም ከአንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይለያያል። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ እጅ የሚሄደው ወደለመደው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ጭንቅ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ፊደሉ ከሁለት መቶ በላይ፣ ቁልፉ ጥቂት። እሳቸው በብረትና በማንሻ ታግለዋል። ዛሬ ያ ትግል በትንሽ ሰሌዳና በጥቂት መስመር ፕሮግራም ሊሞከር ይችላል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ስምንት ቁልፍ ያላት ትንሽ የዩኤስቢ መሣሪያ እንሠራለን። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ይጽፋል። የሲ ቋንቋን በመጠኑ የሚያውቅና ካውያ ይዞ የሚያውቅ ሰው አይከብደውም። በንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ በሌላ ተቋም ለሚማር ሰው ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።

ኪቦርድ የሚልከው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኪቦርድ ፊደል የሚልክ ይመስለዋል። የሚልከው ግን የቁልፍ ቁጥር ነው። በዩኤስቢ ደንብ የእንግሊዝኛው «ኤ» ቁልፍ ቁጥር 4 ነው፣ «ዩ» 24፣ አሃዙ 1 ቁጥር 30፣ አሃዙ 0 ደግሞ 39፣ ስፔስ 44። ቁጥር 4 ደርሶት «ኤ» ይጻፍ ወይስ «አ» የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። «አራት ነጥብ ጻፍ» የሚል የቁልፍ ቁጥር በደንቡ ውስጥ የለም። መሣሪያችን ማድረግ የምትችለው ሰው በእጁ ቢመታው አራት ነጥብ የሚያወጣውን የቁልፎች ቅደም ተከተል በፍጥነት መምታት ብቻ ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ ካልጨበጡት ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ግራ ያጋባል።

የምንመታውም የምልክቱን የዩኒኮድ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በዩኒኮድ ልማድ ቁጥሮቹ የሚጻፉት በ16 መደብ ነው፤ በዚያ መደብ ፡ 1361፣ ። 1362፣ ፣ 1363፣ ፤ 1364፣ ፥ 1365፣ ፦ 1366፣ ፧ 1367፣ ፨ 1368 ናቸው። በ16 መደብ ከ9 በላይ ላሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይገባሉ፤ እነዚህ ስምንቱ ላይ ግን አንድም ፊደል የለም። የሚለዋወጠውም የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ነው። ቁልፎቹን ከ1 እስከ 8 ብንቆጥራቸው የቁልፉ ቁጥር ራሱ የመጨረሻው አሃዝ ይሆናል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የምልክቶቹን ቁጥር የሚይዝ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። ስምንት ቁልፍ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ሰሌዳ ሲመርጡ

በየላቦራቶሪው የሚገኘው አርዱዊኖ ኡኖ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኡኖ አር3 ላይ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ቺፕ ዩኤስቢ አያውቅም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረው አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ቺፕ ነው፣ በርካሽ ቅጂዎቹ ላይ ደግሞ ሲኤች 340 የሚባለው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የሚያየው ያንን አስተርጓሚ ስለሆነ ሰሌዳዎ ራሱን ኪቦርድ ነኝ ብሎ ማስተዋወቅ አይችልም። የመጀመሪያው ኢኤስፒ 32ም እንዲሁ ነው፤ ኤስ2 እና ኤስ3 የሚባሉት ታናናሾቹ ግን የራሳቸው ዩኤስቢ አላቸው። አርዱዊኖ ሊዮናርዶና ፕሮ ማይክሮም ይሆናሉ። «ብሉ ፒል» የሚባለው ሰማያዊ ሰሌዳ ካለዎት ዩኤስቢ አለው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ላይ አር10 የተባለው ሬዚስተር 1.5 ኪሎ ኦም መሆን ሲገባው 10 ኪሎ ኦም ተደርጎ ስለሚመጣ አንዳንድ ኮምፒውተር አያውቀውም።

የእኔ ምርጫ ራስበሪ ፓይ ፒኮ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በ4 ዶላር ዋጋ ነው የወጣው። አርፒ 2040 የሚባለው ቺፑ 264 ኪሎ ባይት ራም አለው፣ ሰሌዳው ላይ ደግሞ 2 ሜጋ ባይት ፍላሽ ተቀምጧል። ለስምንት ቁልፍ ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ፕሮግራም መጫኛው ቺፑ ውስጥ በማይጠፋ ማኅደር የተቀረጸ መሆኑን ነው። የቱንም ያህል የተበላሸ ፕሮግራም ቢጭኑበት፣ ቡትሴል የተባለችውን ቁልፍ ይዘው ገመዱን ሲሰኩት እንደ ፍላሽ ዲስክ ሆኖ ይከፈታል። አንድ ሰሌዳ ብቻ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዕቃውን ለማግኘት ከክፍለ ከተማው ወጣ ማለት ይኖርብዎታል። ከሳሪስ በኩል የሚነሳ ሰው በቀላል ባቡሩ አውቶቡስ ተራ ወርዶ መርካቶ ይገባል። ቁልፎቹን ግን አዲስ አይግዙ። የሞተ የኮምፒውተር ማውስ ሲከፍቱ በግራና በቀኝ ጠቅ የሚሉት ሁለት ትናንሽ ማይክሮ ስዊቾች አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። አራት የሞቱ ማውሶች ስምንት ቁልፍ ይሰጣሉ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ የሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ስዊች ሦስት እግር አለው። በመልቲሜትር እየተጫኑ ይለኩና ሲጫኑት ብቻ የሚገናኙትን ሁለቱን እግሮች ይጠቀሙ፤ ሦስተኛው ይቆረጥ።

ስለ ገመዱ አንድ ነገር ልበል። መንገድ ላይ የሚሸጡ ብዙ ገመዶች ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ መረጃ የሚያመላልሱት አረንጓዴውና ነጩ የሉም። ሰሌዳው ኃይል ያገኛል፣ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ማይክሮ ዩኤስቢ ባለው ስልክ ይሞክሩት፤ ኮምፒውተሩ የስልኩን ፋይሎች ካሳየ ገመዱ ሙሉ ነው።

ሽቦውን መዘርጋት

ሰሌዳው ላይ ከጂፒ 2 እስከ ጂፒ 9 ያሉትን ስምንት ፒኖች እንጠቀም። በጠርዙ ቆጠራ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 11 እና 12 ናቸው፤ መሐል ላይ የተዘለለችው 8ኛዋ ግራውንድ ናት፣ 3ኛዋና 13ኛዋም እንዲሁ። የእያንዳንዱ ስዊች አንድ እግር ወደየራሱ ፒን ይሄዳል፣ የሌላው እግር ሽቦ ከሁሉም ተሰብስቦ ወደ ግራውንድ። ሬዚስተር አያስፈልግም፤ ቺፑ ውስጥ ያለውን ፑል አፕ በፕሮግራም እንከፍተዋለን። ያልተነካ ቁልፍ 1፣ የተጫነ ቁልፍ 0 ሆኖ ይነበባል ማለት ነው። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ስለሆነ ከዩኤስቢ የሚመጣውን 5 ቮልት በምንም መንገድ እንዳያስነኩባቸው።

ናሙናውን ሳይነኩ ማስኬድ

የፒኮን የሲ መሥሪያ ዕቃ ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ብዙ ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ባለበት ወይም በሌሊት ጥቅል ያውርዱት፤ ቪኤስ ኮድ የሚጠቀም ሰው የፒኮን ተቀጥላ ሲጭን አብዛኛውን ራሱ ያመጣለታል። በእጅ የሚያወርድ ሰው ታይኒ ዩኤስቢ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ለብቻው በንዑስ ማኅደርነት እንደሚመጣ አይርሳ። እሱ ሳይወርድ ሥራው ቢጀመር የዩኤስቢ ድጋፍ እንደማይኖር የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ በረጅሙ ጽሑፍ መሐል ብልጭ ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ከምሳሌዎቹ ውስጥ የኤችአይዲ (ኪቦርድና ማውስን የመሰሉ መሣሪያዎች ክፍል) ጥምር መሣሪያ የሚለውን ይክፈቱና ምንም ሳይቀይሩ ወደ ዩኤፍ 2 ፋይል ይቀይሩት። ቡትሴልን ይዘው ሰሌዳውን ይሰኩ፤ በሚከፈተው ዲስክ ላይ ፋይሉን ይጎትቱ። ዲስኩ ራሱ ይጠፋል፣ ሰሌዳው ይነሣል፣ ኮምፒውተሩም አዲስ ኪቦርድና ማውስ አገኘሁ ይላል። ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፍተው ቡትሴልን ሲጫኑ የእንግሊዝኛው «ኤ» ይጻፋል፣ የማውሱም ቀስት ይንቀሳቀሳል።

ሰሌዳው ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት እዚህ ላይ ማንበብ ይልመዱ። ምሳሌው የተጻፈው መብራቷ ያለችበትን ሁኔታ እንድትናገር ተደርጎ ነው። በየ250 ሚሊ ሰከንድ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች ኮምፒውተሩ መሣሪያዋን ገና አልተቀበላትም። በየሰከንዱ ከሆነ ተቀብሏታል። በየ2.5 ሰከንዱ ቀስ ካለች ኮምፒውተሩ አንቀላፍቷል። ፕሮግራሙን መቀየር ሲጀምሩ ይህን ክፍል አያጥፉት፤ ዋጋው ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል።

ኮምፒውተሩ ሲጠይቅ ምን እንመልሳለን?

የዚህ ሥራ ልቡ ይህ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድበት። ዩኤስቢ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ነው፤ መሣሪያ ሳይጠየቅ አንዲት ባይት አይልክም። ሰሌዳው ሲሰካ ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች አንዱን በ1.5 ኪሎ ኦም ወደ ላይ ይስባል፤ ኮምፒውተሩ መሣሪያ መምጣቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራል። መሣሪያው የሚመልሳቸው መልሶች ዲስክሪፕተር ወይም መግለጫ ይባላሉ። ሁኔታው ወረዳ ለመታወቂያ የሄደ ሰው ቅጽ እንደሚሞላው ነው፤ ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ሥራ እንደሚሠራ። አንድ መስመር ከተዛባ ባለጉዳዩ ራሱ ደህና ቢሆንም ፋይሉ አይከፈትም።

የመጀመሪያው የመሣሪያ መግለጫ 18 ባይት ነው። ውስጡ የአምራች ቁጥርና የምርት ቁጥር አሉ፣ የእትም ቁጥርም አለ። ምሳሌው ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል የአምራች ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በቤትዎ እስከሞከሩ ድረስ አይቀይሩት። ዊንዶውስ ግን አንድ ጊዜ ያየውን መሣሪያ በእነዚህ ቁጥሮች ያስታውሰዋል። መሣሪያዎን ከኪቦርድና ማውስ ጥምርነት ወደ ኪቦርድ ብቻ ቀይረው ቁጥሮቹን ካልቀየሩ፣ ዊንዶውስ በድሮው ትዝታው ሊያስተናግድዎት ይችላል። የታይኒ ዩኤስቢ ምሳሌ የምርት ቁጥሩን መሣሪያው በያዛቸው ክፍሎች ዓይነት የሚያሰላው ለዚህ ነው። የራስዎን ቋሚ ቁጥር ከሰጡ መግለጫውን በነኩ ቁጥር የእትም ቁጥሩን በአንድ ይጨምሩ።

ሁለተኛው የአደረጃጀት መግለጫ ነው። እዚህ የሚያሳስቡን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ኃይል ነው፤ 100 ሚሊ አምፔር ይበቃል። መግለጫው ውስጥ ቁጥሩ በ2 ሚሊ አምፔር እየተቆጠረ 50 ሆኖ ይቀመጣል፤ ታይኒ ዩኤስቢ ራሱ ስለሚያካፍልልዎት እርስዎ 100 ብለው ይጻፉ። ሌላው ኮምፒውተሩ በየስንት ሚሊ ሰከንዱ መጥቶ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ የምንነግርበት ቁጥር ነው። 10 ይሁን። አንድ ምልክት ለመጻፍ አሥራ ሁለት መልእክት ያህል ስለምንልክ አንድ ቁልፍ 120 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፤ ጸሐፊዋ አታስተውለውም።

ሦስተኛው የሪፖርት መግለጫ ነው፤ የምንልከው መልእክት ቅርጹ ምን እንደሆነ ይናገራል። ከምሳሌው ውስጥ ማውሱን፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውንና የጨዋታ መሣሪያውን አውጥተው ኪቦርዱን ብቻ ያስቀሩ። የኪቦርድ ሪፖርት 8 ባይት ነው። የመጀመሪያዋ ባይት እንደ ኮንትሮልና ሺፍት ያሉት አብረው የሚያዙ ቁልፎች ናት፣ ሁለተኛዋ ባዶ፣ የቀሩት ስድስቱ የተጫኑ ቁልፎች ቁጥር። ጥምሩ ምሳሌ ለእያንዳንዱ ክፍል የሪፖርት መለያ ቁጥር ይጠቀም ስለነበር፣ ኪቦርድ ብቻ ሲቀር መለያውን ከመግለጫውም ከመላኪያውም ላይ ያጥፉ። በአንዱ ላይ ቀርቶ በሌላው ከጠፋ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ይቀበላል፣ ቁልፉ ግን ምንም አይጽፍም፤ ስሕተት አለ ብሎ የሚነግርዎትም አይኖርም።

በመጨረሻ ስም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የመሣሪያው ስም በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። የዩኤስቢ ስሞች የሚላኩት እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት በሚይዝበት ዩቲኤፍ 16 ሲሆን የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ችግሩ የምሳሌው ኮድ ነው። ስሙን በተራ ጽሑፍነት ተቀብሎ እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ ሆሄ ይገለብጣል። «ነጥብ» ብለው ቢጽፉ ሦስቱ ሆሄያት በዩቲኤፍ 8 ዘጠኝ ባይት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ላይ ዘጠኝ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይወጣሉ። መፍትሔው ስሙን በቁጥር መስጠት ነው፤ ነ 4752፣ ጥ 4901፣ ብ 4709፣ ሦስቱም ባለ 16 ቢት ቁጥር ሆነው። ከፊታቸው የምትቀመጠው ርዝመት 8 ትሆናለች፤ ለሦስቱ ሆሄያት 6 ባይት፣ ለርዝመቱና ለዓይነቱ 2 ባይት። የቋንቋ መለያው ግን ምሳሌው ላይ እንዳለ የእንግሊዝኛው 1033 ሆኖ ይቆይ፤ ዊንዶውስ ስሙን የሚጠይቀው በእሱ ነው። ይህን አስተካክለው መሣሪያዋን ሲሰኩና የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ በእንግሊዝኛ ስሞች መሐል «ነጥብ» የሚል ሲያነቡ ደስ ይላል። ለአሠራሩ የግድ አይደለም፤ እኔ ግን እንዲዘለል አልፈልግም።

ቁልፉን ማንበብና መላክ

ስዊች ሲጫን ብረቱ ለጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ይነጥራል፤ አንድ ጊዜ የተጫነው ብዙ ጊዜ የተጫነ ይመስላል። ቁልፎቹን በየ5 ሚሊ ሰከንዱ እያነበቡ፣ አንድ ዓይነት መልስ አራት ጊዜ ተከታትሎ ሲገኝ ብቻ ተጫነ ይበሉ።

ለመጠበቅ ብለው ፕሮግራሙን የሚያስተኛ ትእዛዝ ግን በፍጹም አያስገቡ። የታይኒ ዩኤስቢን ሥራ የሚያከናውነው ፈንክሽን በዋናው ዙር ውስጥ ያለማቋረጥ መጠራት አለበት፤ ለአንድ ሰከንድ ካስተኙት ኮምፒውተሩ የጠየቀው ሳይመለስለት ይቀርና መሣሪያዋን የተበላሸች አድርጎ ይተዋታል። ሰዓት አይቶ ጊዜው ካልደረሰ ማለፍ እንጂ ቆሞ መጠበቅ የለም። አላላኩም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያለፈውን መልእክት መውሰዱን ያረጋግጡና የሚቀጥለውን አንዱን ብቻ ይላኩ፣ ከዚያ ወደ ዙሩ ይመለሱ።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንጻፍ። ሊኑክስ ላይ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ኮንትሮልና ሺፍት ተይዘው «ዩ» ሲመታ የዩኒኮድ ቁጥር መቀበያ ይከፈታል። በሪፖርት ቋንቋ የመጀመሪያዋ ባይት 3፣ ቁልፉ 24። ከዚያ ሁሉንም መልቀቅ፣ ማለትም ስምንቱም ባይት 0። ቀጥሎ 30፣ መልቀቅ፣ 32፣ መልቀቅ፣ 35፣ መልቀቅ፤ ይህ 136ን ጻፈ። ከዚያ የቁልፉ ቁጥር ሲደመር 29፣ መልቀቅ፣ በመጨረሻም ስፔስ 44፣ መልቀቅ። በየመሐሉ ያለው መልቀቅ ትርፍ ሊመስልዎት ይችላል። ቁልፍ 6ን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ 1366 ነው። ሁለቱ 6ዎች መሐል ካልለቀቁ ኮምፒውተሩ አንድ 6 ለረጅም ጊዜ እንደተያዘ ያየዋል፣ ሌሎቹ ሰባት ቁልፎች ሠርተው ፦ ብቻ እምቢ ይላል።

የጽሕፈት ቤቶቹ ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ነው። እዚያ አልት ተይዞ ከቁጥር ሰሌዳው ላይ የመደመር ምልክት፣ ከዚያ የዩኒኮድ ቁጥሩ ይመታል፤ አልት ሲለቀቅ ምልክቱ ይወጣል። አልት በመጀመሪያዋ ባይት 4 ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳይለቀቅ ይቆያል። የመደመር ቁልፉ 87፣ ከዚያ 89፣ 91፣ 94፣ በመጨረሻ የቁልፉ ቁጥር ሲደመር 88። በእያንዳንዱ መሐል ቁልፉ ይለቀቃል፣ አልት ግን እንደተያዘ ይቆያል። ቁጥሮቹ ፊደል ስለሌለባቸው ከቁጥር ሰሌዳው መውጣት አያስፈልገንም፤ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ደግሞ የሚቀይሩት በዋነኛነት የፊደል ቁልፎቹን ነው። ለዚህ ሲባል ይህ መንገድ አማርኛ እየተጻፈ ባለበት ሰዓት ከሊኑክሱ መንገድ የተሻለ ነው።

ዊንዶውስ ይህን የሚቀበለው አንድ ማስተካከያ ከተደረገለት በኋላ ነው። ሬጂስትሪ ይክፈቱና በአሁኑ ተጠቃሚ ሥር ኮንትሮል ፓነል፣ በውስጡ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ያግኙ። እዚያ ኢኔብል ሄክስ ነምፓድ የሚል የጽሑፍ ዓይነት እሴት ይፍጠሩ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ሦስቱ ቃላት ያለ ክፍተት ተጣብቀው፣ የየቃሉ መጀመሪያ በትልቁ ፊደል ይጻፋል። እሴቱ 1 ይሁን። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል።

ሁለቱንም መንገድ በአንድ መሣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል። ሲሰካ 1ኛው ቁልፍ ተይዞ ከነበረ በሊኑክስ መንገድ፣ ካልሆነ በዊንዶውስ መንገድ ትሥራ፤ ይህንን የዩኤስቢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ሬጂስትሪውን መንካት ለማይፈቀድበት ኮምፒውተር ሦስተኛ መንገድ አለ። ኪቦርዶች ላይ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ያሉት ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ደንቡ ግን እስከ ኤፍ 24 ይፈቅዳል፣ ኤፍ 13 ቁጥሩ 104 ነው። መሣሪያዋ የቁልፉን ቁጥር ሲደመር 103 ትላክ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አውቶሆትኪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያንን ወደ ምልክቱ ይቀይረው። ፈጣንና አስተማማኝ ነው። ነገር ግን መሣሪያዋ ብቻዋን አትሠራም፤ በሄደችበት ኮምፒውተር ሁሉ ፕሮግራም መጫን ይኖርብዎታል። እኔ የማስቀምጠው በሁለተኛ ደረጃ ነው።

አልሠራ ሲል

መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እያለች ከቀረች መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ። ዊንዶውስ ላይ ስሕተት 43 ካዩ ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን መግለጫ ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ ከገመዱ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙን ያስተኛ ትእዛዝ ነው። ስሕተት 10 ከሆነ ግን መሣሪያዋ ታውቃለች፣ የሪፖርት መግለጫዋ ላይ ግን ስሕተት አለ። ሊኑክስ ላይ ያለ ሰው የከርነሉን መልእክት መዝገብ ከፍቶ መሣሪያዋን ነቅሎ ቢሰካት እያንዳንዱ ደረጃ በጽሑፍ ይታየዋል። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያው ሙከራ ሊኑክስ እመርጣለሁ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ላፕቶፕ ቢሆን ይሻላል፤ ፕሮግራም በሚጫንበት ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ እንኳ ቡትሴል ስላለ የሚጎዳ ነገር የለም፣ እንደገና መጫን ብቻ ነው።

ዊንዶውስ መሣሪያዋን ተቀብሏት ትክክለኛው ምልክት ካልወጣ፣ ሬጂስትሪው አልተስተካከለም ወይም ያሉበት ፕሮግራም ያንን መንገድ አይቀበልም። በኖትፓድ ይሞክሩና ይለዩት።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲወስዷት

ኮምፒውተር ኪቦርድን ያለ ጥያቄ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖል እና ጃኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች ላስ ቬጋስ ላይ እንዳሳዩት፣ ፍላሽ ዲስክ የሚመስል ዕቃ ራሱን ኪቦርድ ነኝ ብሎ አስተዋውቆ ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። የእርስዎ መሣሪያ በዚያው መንገድ ነው የምትሠራው። ስለዚህ በወረዳም ሆነ በክፍለ ከተማ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካትዎ በፊት የአይሲቲ ባለሙያውን ያስፈቅዱ፣ ፕሮግራሙንም ያሳዩ። በግል ጽሕፈት ቤትም ባለቤቱን ይጠይቁ።

እዚያ ሲደርሱ የሚጻፈው ሰነድ በዩኒኮድ መሆኑን ያረጋግጡ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፤ ግዕዝ የሚመስለው ፎንቱ ስላለበሰው ነው። የእርስዎ አራት ነጥብ እዚያ ሲገባ ከሌላ ፎንት መጥቶ መጠኑና ውፍረቱ ይለያል። እንዲህ ያለ ሰነድ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

የቁልፎቹን ምልክት በወረቀት አትመው በግልጽ ፕላስተር ይለጥፉባቸው። አራት ነጥብ ከሁሉም በላይ ስለሚመታ በቀኝ እጅ አውራ ጣት የሚደረስበት ትልቅ ቁልፍ ይስጡት። ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝና ፦ ናቸው፤ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል በኋላ በየደብዳቤው የሚመጣው ፦ ነው። ፨ እና ፧ ዳር ላይ ቢሆኑ ማንንም አያስቸግሩም። አንዲት ጸሐፊ ለጥቂት ቀናት ተጠቅማባት የቁልፎቹን ቦታ ቀይሩልኝ ካለች ይቀይሩላት፤ ሽቦውን መንቀል አያስፈልግም፣ ፕሮግራሙ ላይ ፒኖቹ የተዘረዘሩበትን ተራ መለወጥ ብቻ ነው።

ከአንድ ቤት አልፎ ለሌሎች ማዳረስ ወይም መሸጥ ከፈለጉ የአምራች ቁጥሩ ጉዳይ ይመጣል። ቁጥሩን የሚሰጠው የዩኤስቢ ማኅበር ለአንድ የአምራች ቁጥር 6000 ዶላር ይጠይቃል፤ ለትንሽ ሥራ የማይሞከር ነው። ሁለት ሌሎች በሮች ግን ክፍት ናቸው። ራስበሪ ፓይ በአርፒ 2040 ለተሠሩ ምርቶች በራሱ የአምራች ቁጥር ሥር የምርት ቁጥር በነፃ ይሰጣል። ፒድ ኮድስ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መዝገብም ምንጩ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሥራ በ16 መደብ 1209 በሆነ የአምራች ቁጥር ሥር በነፃ ይመዘግባል። የፕሮግራምዎን ምንጭ ከነፈቃዱ ይፋ ያድርጉና ይጠይቁ። ቁጥሩ ሲደርስዎት በመሣሪያ መግለጫው ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ይተኩ፣ የእትም ቁጥሩን ይጨምሩና እንደገና ይጫኑ። እስከዚያ ድረስ በሙከራ ቁጥር የተሠሩትን ለሌላ ሰው አይሽጡ።